ያልተቃወመ ተስማምቷል

እኛ ቤት፣ ከኋላው ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ሦስት ኮምፒውተር አዋቂዎች አሉ። ሦስቱም ተሰብስበው ወራት ሙሉ ያልፈቱትን ነገር፣ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ በአንድ ሳምንት ፈትቼዋለሁ። ጉራ አይደለም። ጉራ ቢሆን ኖሮ ትንሽ አሳምሬ ነበር የማወራው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከቤቱ ልጀምር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ያደግነው አክስታችን ጋ ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ መንገዱን የሚያየው ክፍል ስፌት ቤቷ ነው፣ ከመጋረጃው ኋላ ያለው ደግሞ የወንድሜ። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ «ነገ ይደርሳል» እላለሁ። ይህን የመጨረሻውን ከኔ በላይ የሚችልበት የለም፤ አክስቴ ራሷ ስትለው ፊቷ ያሳብቅባታል። ትምህርት ቤትና እኔ በሰላም ነው የተለያየነው። እሱም ቅሪ ብሎ አልለመነኝ፣ እኔም ዞሬ አላየሁትም።

ወንድሜ ቀን ቀን ማተሚያ ቤት ይሠራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ መሬት ላይ ተንበርክካ ወረቀት ላይ ልክ ስታወጣ አይቶ አንጀቱን በላችው መሰለኝ፣ ቁጭ ብሎ አንድ ፕሮግራም ጻፈ። የደረት፣ የወገብ፣ የትከሻ ልኩን ስትነግሩት የፊቱን፣ የኋላውን፣ የእጅጌውን ቅርጽ ይስላል፤ ከዚያ ብጣሽ እንዳይበዛ አድርጎ ጨርቁ ላይ ይደረድርላችኋል። አክስቴ ወደደችው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ወንድሜ ግን ፕሮግራሙን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው፤ የፈለገ ይውሰደው፣ ከፍቶ ውስጡን ይየው፣ ያስተካክለው፣ ለሌላ ይስጠው ብሎ። በነጻ። ምን ታገኝበታለህ ስለው ሰው ይጠቀምበታል አለኝ። መንገዱንም ሰው ይጠቀምበታል፣ ግን የሠራው ሰውዬ ደመወዙን በልቷል አልኩት። አልመለሰልኝም። ወንድሜ ሲሸነፍ ዝም ነው የሚለው፤ ሲያሸንፍም ዝም ነው የሚለው፤ ስለዚህ እኔ ሁሌ እንዳሸነፍኩ ነው የምቆጥረው።

ፕሮግራሙን ወደው ማገዝ ከጀመሩት ሰዎች አብዛኞቹን በዓይናችን አይተናቸው አናውቅም፤ ኢንተርኔት ላይ ብቅ ይሉና ይጠፋሉ። ሁለቱ ግን እኛው ሰፈር ተገኙ። አንዱ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ መምህሩ እንለዋለን። ሌላው የፎቅ ቤት አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ እሱን ሊፍት እያልን ነው የምንጠራው፣ አይከፋውም። ለዚህ ሥራ የሚከፍላቸው ሰው የለም። የሚከፍላቸው ስለሌለ ደግሞ ዝም የሚያሰኛቸውም የለም።

ጠባቸው ስለ ማሸግ ነው። ፕሮግራም ተጽፎ አለቀ ማለት ሰው እጅ ገባ ማለት አይደለም፤ ታሽጎ ነው የሚላከው። የወንድሜ ፕሮግራም ደግሞ ብቻውን አይሠራም። መስመር የሚስልለት ሌላ ፕሮግራም አለ፣ ለማተሚያው የሚያቀብልለት ሌላ አለ፣ ፊደሉን የሚያሳምርለት ሌላ አለ። መምህሩ እነዚህ ሁሉ በአንድ እሽግ አብረው ይግቡ ይላል። ተጠቃሚው ያውርድ፣ አንዴ ይጫን፣ አለቀ ደቀቀ። ክፍል ውስጥ በየቀኑ ማስመሪያዬን ቤት ረሳሁ የሚል ልጅ አለበት፤ ደግሞ ፕሮግራም እንደዚያ እንዲለው አይፈልግም። ሊፍት በበኩሉ ፕሮግራሙ ብቻውን ይታሸግ ይላል፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ይጠቀም፣ ከሌለም ኢንተርኔት ላይ ካለው የጋራ መጋዘን ይምጣለት። አንድ ዕቃ ቢበላሽ መጋዘኑ ጋ አንዴ ተጠግኖ ለሁሉም ይዳረሳል፤ ሁሉም የየራሱን ተሸክሞ ከዞረ ማን የማንን ሊጠግን ነው? ደግሞ ሊፍት ክብደት አይወድም። ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ፎቅ መሀል የቆመ አሳንሰር ውስጥ የታፈነ ሰው ጩኸት ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፤ ሜጋባይት ሲበዛ ያ ጩኸት ጆሮው ላይ ይመጣል።

መምህሩ የሊፍትን እሽግ፣ ባዶ እጁን መጥቶ ትራስ ስጡኝ፣ ብርድ ልብስ ስጡኝ፣ ካልሲም ካላችሁ የሚል እንግዳ ነው ይለዋል። ሊፍት የመምህሩን እሽግ፣ ለአንድ አዳር አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑንና የቤቱን በር ነቅሎ የሚመጣ እንግዳ ነው ይለዋል። እኔ መጋረጃው ላይ ተደግፌ ስሰማ ሁለቱንም እንግዶች ባላሳድራቸው እመርጥ ነበር። ወንድሜስ? ወንድሜ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ይላል። ፕሮግራሙ የሱ ነው፤ መወሰን የሚችለውም እሱ ነበር፤ ግን ሰው የሚያስቀይም ቃል ከአፉ ከሚወጣ ጥርሱ ቢወልቅ ይመርጣል። ስለዚህ ወንድሜ አሻሽሎ የሠራው አዲሱ ፕሮግራም ተጽፎ፣ ተሞክሮ፣ አልቆ፣ ሳይታሸግ ቁጭ አለ።

ይህ ሁሉ እኔን ምን አገባኝ፤ የአክስቴ ኮምፒውተር ባይቃጠል። አንድ ቀን የተቃጠለ ነገር ሸተተን፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ያገለገለ ሌላ ገዛች። እሱ ላይ የድሮው ፕሮግራም አልከፈትም አለ፤ የሚሆነው አዲሱ ብቻ ነው አለ ወንድሜ፣ አዲሱ ደግሞ አልወጣም። አክስቴ በዚያው ሰሞን የአንድ ክሊኒክ ሠራተኞችን ጋውን ልትሰፋ ተቀብላለች። ሠራተኞቹ ቀጭን አሉ፣ ወፍራም አሉ፣ ትከሻው ወደ አንድ ወገን የወረደ አለ፤ የሁሉም ልክ ለየብቻ ነው። ጨርቁ ቅዳሜ ይመጣል። ቅዳሜ መቁረጥ ካልጀመረች ሥራው ማዶ ላለው ሰፊ እንደሚሰጥ ክሊኒኩ ቁርጡን ነግሯታል። በእጅ ማውጣት ትችላለች፣ ሙያዋ ነው፤ ግን ትከሻዋን ከታመመች ወዲህ ክንዷ እንደ ልብ አይታዘዛትም፣ ያን ሁሉ ሰው በእጅ አውጥታ አትደርስም። ማዶ ያለው ሰፊ ደግሞ አንዴ የገባበትን ቤት የሚለቅ ሰው አይደለም። ይህ ሥራ ከሄደ የክሊኒኩ መጋረጃም፣ አንሶላም፣ የሚቀጥለው ዓመት ጋውንም ሄደ ማለት ነው።

ቅዳሜ ሦስቱ እንደተሰበሰቡ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ፕሮግራሜ የታለ አለች። መምህሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ እትዬ ጉዳዩ ውይይት ላይ ነው፣ ትንሽ ይታገሡን አላት። ሊፍትም ብድግ ብሎ፣ ነገሩ የመርሕ ጉዳይ ስለሆነ ነው አለ። ሁለቱም ለአክስቴ በጣም ጨዋ ናቸው፤ የሚበላሉት እርስ በርሳቸው ነው።

«እኔ ስለ መርሕ አልጠየቅኩም» አለች አክስቴ። «የሚመጣው ቅዳሜ ጨርቅ ይመጣል። ምን ላይ ላንጥፈው፣ መርሑ ላይ?»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። እሷ እንደወጣች መምህሩ፣ አየህ፣ እንደሳቸው ላሉ ተጠቃሚዎች ነው ሁሉን ባንድ ማሸግ ያለብን አለ። ሊፍት፣ አየህ፣ እንደሳቸው ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው ክብደት የማይችለው አለ። ወንድሜ ሁለቱንም አየ። ምን እንዳለ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

እኔ ያን ዕለት ነው ነገሩን በእጄ ላስገባው የቆረጥኩት።

እነዚህ ሰዎች ደንብ አላቸው። ግድግዳው ላይ በወንድሜ ማተሚያ ቤት ትልልቅ ፊደል ታትሞ ተለጥፏል። የመጀመሪያው፣ ያልታሸገ ፕሮግራም ለተጠቃሚ አይሰጥም ይላል። ያን ያስጻፈችው አክስቴ ናት ማለት ይቻላል፤ አንዴ ወንድሜ ገና በጅምር ላይ ያለ ሰጥቷት ሁለት የግራ እጅጌ ያለው ካፖርት ቆርጣ፣ ከዚያ ወዲያ ሦስቱንም አስምላቸዋለች። ይሄኛው ለኔ አልጠቀመኝም። የጠቀመኝ ሁለተኛው ነው፦ ማንም ሰው ሐሳቡን በኢንተርኔት ገጻቸው ላይ ጽፎ፣ እስከ ቅዳሜ ስብሰባ ድረስ ካልተቃወሙት፣ እንደተስማሙበት ይቆጠራል። ያልተቃወመ ተስማምቷል። ተሰብስቦ እጅ የሚያወጣ ሰው ስለሌላቸው ነው አሉ እንዲህ ያደረጉት። ማንም ሰው ይላል ደግሞ። እኔ ማንም ሰው ነኝ።

ታዲያ አንድ ነገር አይቻለሁ። እነዚህ ሰዎች እንደ ነገሩ ክብደት አይደለም የሚጣሉት። ከባድ ነገር ሲጻፍ አንዱ ያነብባል፣ የቀሩት ያነበቡ ይመስላሉ። ዓይን የሚያየው ቀላል ነገር ሲሆን ግን ሁሉም ሊቅ ነው። አንዴ «ጫን» የምትለዋ ምልክት ሰማያዊ ትሁን አረንጓዴ ብለው የተበላሉትን ብነግራችሁ ለነሱ ታፍራላችሁ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት፣ አክስቴ ክር ልትገዛ እንደወጣች፣ ገጻቸው ላይ ገባሁ። የገባሁበት ስም «ነገ ይደርሳል» ነው፤ ከወንድሜ በቀር ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ወንድሜም ረስቶታል።

ሁለት ሐሳብ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ርዕስ «የሥርጭት አሠራርን ስለማጣጣም» አልኩት። ርዕሱን ራሴ ጽፌ ራሴን እንቅልፍ ወሰደኝ። ውስጡን ወንድሜ ለማተሚያ ቤቱ አለቃ ከሚጽፋቸው ነገሮች እየቆነጠርኩ ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ፣ ከዚህ ጋር በተያያዘ፣ በሌላ በኩል ደግሞ እያልኩ ሞላሁት። መሀሉ ላይ፣ ማንም እግሩን በማያሳርፍበት ቦታ፣ አዲሱ ፕሮግራም በሁለቱም ዓይነት ታሽጎ ይውጣ፣ ተጠቃሚው የሚሻለውን ይምረጥ የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩ። ከዚያ እንደገና ከላይ በተጠቀሰው ብዬ ዘጋሁት።

ሁለተኛው አጭር ነው። የፕሮግራሙ ምልክት መቀስ መሆኑ ይብቃ፣ ሜትር ይሁን። ይኸው ነው። ጻፍኩና ብረቱን አሙቄ ልተኩስ ተቀመጥኩ።

ሸሚዙን ሳልጨርስ ተቀጣጠለ። መምህሩ፣ ሜትር አንሶ ሲታይ እባብ ይመስላል፣ ተጠቃሚ ያስደነግጣል ብሎ ጻፈ። ሊፍት፣ ፕሮግራሙ ይለካል እንጂ አይቆርጥም፣ መቀስ መሆኑ ከመጀመሪያውም ውሸት ነበር አለ። ስሙን ሰምተነው የማናውቅ አንድ ሰው፣ ፕሮግራሙ ከተወለደ ቃል ተንፍሶ የማያውቅ፣ ከየት እንደመጣ ብቅ ብሎ አፉን የከፈተ መቀስ ማስፈራሪያ ነው፣ አፉን የዘጋ መቀስ ደግሞ ሥራ ፈት ነው የሚል ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ሌላው ደግሞ መቀሱ የቀኝ እጅ ነው የግራ እጅ ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ ሁለቱም ልክ ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ሦስት ሐሳብ ቀርቦ ሳለ ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑ እስካሁን አልታወቀም። በመሀል መምህሩና ሊፍት ቦታ ተቀያየሩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ማክሰኞ መቀስ ሲል የነበረው ሐሙስ ሜትር ይላል፣ ቁጣው ግን ያው ነው።

እሳቱ ሲበርድ አንድ እንጨት እወረውራለሁ። የመቀሱ መያዣ ምን ዓይነት ቀለም ይሁን ብዬ ጠይቄ እወጣለሁ። ያን ሁሉ ቀን የመጀመሪያዋን፣ ርዕሷ የሚያስተኛውን ሐሳቤን ማንም አልነካት። አንዴ ብቻ ለጥቂት ተረፈች። ረቡዕ ከሰዓት መምህሩ ከፈታት። «ጥሩ፣ በዝርዝር አየዋለሁ» ብሎ ሥሯ ጻፈ። ቁልፍ እየተከልኩ ነበር፤ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የሚቀጥለው ጽሑፉ መጣ፤ ስለ መቀሱ ብሎን ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰባትም።

አክስቴ በዚህ ሳምንት ምን እንደምሠራ አታውቅም። እሷ ወለሉ ላይ ወረቀት አንጥፋ የሦስት ሰው ልክ በእጇ ለማውጣት ሞክራ ነበር። ሁለተኛው ላይ ተነሣችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፣ ትከሻዋን በሌላው እጇ ይዛ። ልረዳሽ ስላት፣ ባለፈው ልትረጂኝ ብለሽ ያበላሸሽውን ገና አላረምኩም አለች። አልከፋኝም፤ የያዝኩትን አታውቅም ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። እንዲያውም ስታመሰግነኝ ምን ብዬ እንደምመልስ አስቀድሜ አዘጋጅቻለሁ። «ኧረ ምንም አይደለም» ብዬ ወደ ሌላ ወገን ማየት ነበር ያሰብኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ጨርቁ ማለዳ መጣ፤ ውሃ ሰማያዊ ነው፣ ጠረጴዛውን ሞልቶ አንዱ ጥቅል ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይዛው የመጣችው የክሊኒኩ ዕቃ ገዢ ናት፤ ሌላ ወንበር ስባ፣ ሲቆረጥ ሳላይ አልሄድም ብላ ቁጭ አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ማዶ ያለውን ስፌት ቤት ታያለች። አክስቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ጨርቁን ትዳስሳለች፤ ስትጨነቅ የምታደርገው ነው፤ የጨርቅ ጥራት የምታይ ይመስላል፣ ግን አንዱኑ ቦታ ነው ደጋግማ የምትዳስሰው።

ከመጋረጃው ኋላ ሦስቱ ተሰብስበዋል። መምህሩ የመቀስ ሥዕሎች አሳትሞ መጥቷል፣ ሊፍት በስልኩ ላይ ሜትሮች ይዟል። ገባሁና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከመቀሱ በፊት አንድ የጸደቀ ነገር አለ፣ ፈጽሙት አልኳቸው።

«የቱ?» አለ መምህሩ።

ገጹን ከፍቼ አሳየኋቸው። ሦስቱ አንድ ላይ አጎንብሰው አነበቡ። መሀሏ ጋ ሲደርሱ አንገታቸው አንድ ላይ ቀና አለ። ሊፍት ይህን ጽሑፍ በዓይኔ አላየሁትም አለ። እኔም ግድግዳው ላይ ያልተቃወመ እንጂ ያላየ አይልም አልኩት። መምህሩ ወደ ግድግዳው ሄዶ የራሳቸውን ደንብ እንደገና አነበበ፤ ከባለፈው ቅዳሜ ወዲህ የተቀየረ ነገር ካለ ብሎ መሰለኝ። አንቺ ነሽ «ነገ ይደርሳል»፣ አለኝ ዞሮ። ምልክቱ ሜትር ይሁን ብለሽ ያጣላሽንም አንቺ ነሽ? እኔ አላጣላኋችሁም፣ ጠየቅኩ እንጂ አልኩት።

«ይሄ ማጭበርበር ነው» አለ ሊፍት።

«ማጭበርበር ነው» አለ መምህሩ፤ ፊቱ ላይ የፈተና ወረቀት ሲያርም የሚኖረው ዓይነት ሐዘን ነበር። «ግን በደንቡ መሠረት ነው።»

ወንድሜን ብታዩት። የሚያስጨንቀው ጥርስ ሳይነቀል ራሱ የወለቀለት ሰው ይመስል ነበር። ማንንም ሳያስቀይም፣ ማንንም ሳይመርጥ፣ ሁለቱም ልክ የሆኑበት ቀን መጣ። ላፕቶፑን ከፈተ፣ ሁለቱንም ውጡ አላቸው። እሽጉን የሚያሽገው ሩቅ ያለ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚገኝ ማሽን ነው፤ ትንሽ አጉረመረመና ሁለቱ እሽጎች ጎን ለጎን ወጡ፣ ትልቁና ትንሹ። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። የደረቴ ልክ አልበቃኝም።

ከዚያ ወደ አክስቴ ኮምፒውተር። የትኛው ይቅደም ተብሎ እንደገና ሊጣሉ ሲሉ፣ በዕድሜ ነው ብዬ የመምህሩን አስቀደምኩ። በስልኬ ኢንተርኔት ማውረድ ጀመርን። አክስቴ ከኋላችን ቆማለች፣ የክሊኒኩ ሴትዮ ከአክስቴ ኋላ። አረንጓዴው መስመር ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ይጎተታል። መምህሩ በዓይኑ ይገፋዋል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፣ ሲመለስ መስመሩ ከባዶ ጀመረ። ዳግመኛም እንደዚያው ሆነ። ሊፍት ደስታውን ሊደብቅ ሞክሮ አልቻለም፤ ከአቅም በላይ የተጫነ አይነሣም፣ አላልኩም ወይ አለ።

የሱ ተራ ሆነ። ትንሿ እሽግ ዓይን ሳይጨፈን ወረደች። ሊፍት እጁን አጣምሮ ቆመ። ከፈትናት፤ መስመር የሚስልልኝ የታለ አለች። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አሮጌ ነው፣ ከመጋዘን አምጡልኝ አለች። መጋዘኑ ያንን ለመስጠት መጀመሪያ ይህን አምጡ አለ፤ ያም ሌላ አምጡ አለ። ቢሮ ሄዳችሁ ማኅተሙ ታች ነው ብለዋችሁ፣ ታች ስትወርዱ ፊርማው ላይ ነው የሚሏችሁን አስቡት። በመጨረሻ ለዚህ ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተር መጋዘኑ ዝግ ነው የሚል መልስ መጣ። መምህሩ ማስመሪያዬን ቤት ረሳሁ ማለት ይህ ነው፣ አላልኩም ወይ አለ።

እንግዲህ ሁለቱ እሽጎች ወድቀው፣ ሁለቱ ሰዎች በየፊናቸው አሸነፉ። አንዱ በሌላው ውድቀት ልክ መሆኑ ተረጋገጠለት። አላልኩም፣ አላልኩም፣ እየተባባሉ ፊታቸው ፈካ፤ ባንድ ቀን ሁለት ሰው እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ጨርቁ እንደተጠቀለለ ነው። የክሊኒኩ ሴትዮ ሰዓቷን አየችና ቦርሳዋን ከጉልበቷ አነሣች። እኔ ማዶ ልሂድ እንዴ አለች፣ በክፋት አይደለም፣ እንዲሁ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው። አክስቴ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ እጇ ላይ ጠቀለለችው።

ያኔ ወንድሜ ተነሣ። ማንም ልብ አላለውም፤ ወንድሜን ማንም ልብ አይለውም። መጋረጃውን ገልጦ ገባ፣ ተመልሶ ወጣ፣ በእጁ ፍላሽ ይዟል። ሰካው። ከራሱ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራበትን ፎልደር፣ እንዳለ፣ መስመር የሚስለውን ጨምሮ ግሳንግሱን ሁሉ ገልብጦ ነበር ያመጣው፤ የሱ ላፕቶፕ ከአክስቴ ኮምፒውተር የማይሻል አሮጌ ነው። ለጠፈው፣ ከፈተው። ተከፈተ። የመጀመሪያዋን ሠራተኛ ልክ አስገባ፤ የጋውኑ ፊት ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ኋላው፣ ከዚያ እጅጌዎቹ፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ። ማተሚያው ማንኳኳት ጀመረ።

አክስቴ ወረቀቱን ወሰደች፣ ትከሻው ጋ በሜትሯ አንዴ ለካች፣ ጨርቁን ዘረጋች። መቀሷ ጨርቁ ውስጥ ገባና ያ ድምፅ፣ አዲስ ጨርቅ ሲቆረጥ የሚሰማው፣ ክፍሉን ሞላው። የክሊኒኩ ሴትዮ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀችም፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ደህና ዋሉ ብላ ሄደች።

አላልኩም አላልኩም ሲባባሉ የነበሩት ሁለቱ ይሄን ጊዜ ነው ዞር ያሉት። ምንድነው የጫንክላቸው አለ መምህሩ። ፎልደሩን አለ ወንድሜ። የማንን እሽግ ነው አለ ሊፍት።

«አልታሸገም» አለ ወንድሜ።

እኔ እነዚህን ሰዎች ካወቅኳቸው ጀምሮ በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ናቸው፤ ያን ዕለት ግን አንድ ላይ፣ በአንድ ድምፅ ማለት ይቻላል፣ ነውር ነው አሉ። መምህሩ ከግድግዳው ላይ የመጀመሪያውን ደንብ አነበበለት፤ ሊፍት በየቃሉ ራሱን ይነቀንቃል። ተጠቃሚ ላይ እንዲህ አይደረግም። ነገ ቢበላሽ ማን ይጠይቃል? ወንድሜ ቆሞ ሰማቸው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አላቸው። ተያይዘው ወጡ፣ ትከሻ ለትከሻ፤ ከበሩ ሳያልፉ መምህሩ፣ በነገራችን ላይ መቀሱን ግን አልጨረስነውም ሲል ሰማሁት።

እኔ በዚህ አልተረበሽኩም። ስልኬን አውጥቼ ገጹን አየሁ። ሁለቱ እሽጎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ከሥራቸው ሐሳቡን ያቀረበው «ነገ ይደርሳል» ይላል። የማናውቃቸው ሰዎች፣ የማናውቀው ቦታ ያሉ፣ ማውረድ ጀምረዋል። ወራት ሙሉ የታሰረው ፕሮግራም ተፈቷል፣ የፈታሁትም እኔ ነኝ፣ ጽሑፉ ይመሰክራል። ስልኩን ይዤ አክስቴ ጋ ሄድኩ።

ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳት። ርዕሷ የሚያስተኛውን ሐሳብ፣ ሜትሩን፣ መቀሱን፣ እንጨት እየወረወርኩ እንዴት እንዳቃጠልኳቸው፣ ያልተቃወመ ተስማምቷል የሚለውን እንዴት አገላብጬ እንዳጠመድኳቸው። እሷ ሁለተኛውን ጋውን እየቆረጠች ነው፤ መቀሷ አልቆመም። እንዳልሰማችኝ ገምቼ ስልኩን ጨርቁ ላይ አቀረብኩላት፣ ስሙን በጣቴ እያሳየሁ።

«እኔ ባልኖር ኖሮ አዲሱ ፕሮግራም እስከዛሬም አይወጣም ነበር» አልኳት።

መቀሷ ቆመ።

«አንቺ ያስወጣሽው ሁለት ነው» አለችኝ። «እኔ የምሠራበት ሦስተኛው ነው። አሁን ከብርሃኑ ዞር በይልኝ።»